የባለቤታቸውን ሞት ታስረው ያስመዘገቡት ወይዘሮ ሻሽቱ ዲንቃ (1902–1981 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሻሽቱ ዲንቃ ከአባታቸው ከአቶ ዲንቃ ገለታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምንዳዬ ቶላ በኢሉባቦር፣ ከሁሩሙ ከተማ ጥቂት ወረድ ብሎ በሚገኝ መንደር በ1902 ዓ.ም. በኅዳር ወር ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው “ማር በተቆረጠ በሦስተኛው ቀን” ከማለት ሌላ አልነገሯቸውም፤ ወይዘሮ ሻሽቱም ሌሎች የልደት ቀናቸውን እየገመቱ ሲናገሩ እሳቸው “ያልተጻፈ ቀን አልናገርም” ይሉ ነበር።

አባታቸው አቶ ዲንቃ የአካባቢው ሽማግሌ ሆነው ጠብ የሚያበርዱ፣ ድንበር የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ። ችሎቱ የሚቀመጠው ደጃቸው ካለው ዋርካ ሥር ስለነበር ሻሽቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሳሽና ተከሳሽ ሲከራከሩ፣ ምስክር ሲቆጠር፣ ዋስ ሲጠራ እየሰሙ አደጉ። ለወንድማቸው ፊደል እንዲያስተምሩ የተቀጠሩት መሪጌታ ወንድምየው ከትምህርቱ ይልቅ ከብት መከተሉን ሲመርጥ ጊዜ፣ አቶ ዲንቃ “እንግዲያው መምህሩ በከንቱ እንዳይቀመጡ ሴቷን ያስተምሯት” ብለው ስለፈቀዱ ወይዘሮ ሻሽቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ዳዊት ደገሙ። በዚያ ዘመን በአካባቢው ማንበብ የምትችል ሴት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ።

በ1920 ዓ.ም. ከአቶ በዳሳ ጉተማ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው መኖሪያቸውን መቱ አደረጉ። አቶ በዳሳ በቅሎ እየጫኑ ከቡሬ ጎሬ፣ ከጎሬ መቱ ጨውና አቡጀዲ የሚያመላልሱ፣ በመንገዱ ሁሉ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። ከመቱ ከተማ ዳር፣ ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው መንገድ አጠገብ ቤት ሠርተው፣ ከቤቱ ጓሮ የቡና መሬት አቅንተው በሰላም ኖሩ። በ1923 ዓ.ም. ዲሪቤን፣ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዓያንቱን ወለዱ።

ዓያንቱ በተወለደች በጥቂት ሳምንት፣ በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ጣልያን ጎሬን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ መቱ ላይ ሹም ተቀመጠ። ሹሙ ባወጣው ትእዛዝ በከተማው የሚወለደውና የሚሞተው ሁሉ በመዝገብ እንዲገባ ተደነገገ። ማስታወቂያው በአማርኛ ተጽፎ ገበያው መግቢያ ላይ ተለጠፈ። ሕዝቡ በዚያ ሲያልፍ ወይዘሮ ሻሽቱ ቆመው ያነቡለት ነበር። ስለ ሞት የተጻፈው አራት ነገር ነበር። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ በሁለት ቀን ውስጥ አስከሬኑን ያዩ ሁለት ወንድ ምስክሮች ይዞ ያስታውቅ፤ የሞት ወረቀት ሳይወጣ የቀበረ ወይም ለቅሶ የተቀመጠ ይታሰር፤ የሟች ቤትና መሬት ለልጆቹ የሚያልፈው በዚሁ ወረቀት ብቻ ይሁን፤ ሸፍቶ ጫካ የገባ ሰው ንብረት ግን ለመንግሥት ይወረስ ይላል። ብዙ ሰው የተቆጣው በለቅሶው ክልከላ ነበር። ወይዘሮ ሻሽቱ ግን አራቱንም አንቀጽ ቃል በቃል ይዘውት ወደ ቤታቸው ገቡ።

ጥር 19 ቀን 1930 ዓ.ም. አቶ በዳሳ ከሌሎች ስድስት ነጋዴዎች ጋር ከቡሬ ጭነት ይዘው ሲመለሱ በወታደሮች ተያዙ። “ለአርበኞች ጥይት ትጭናላችሁ” ተባሉ። ጭነቱ ተፈትሾ ከጨው በቀር አልተገኘበትም፤ ቢሆንም ሰባቱም ያለ ፍርድ ከመንገድ ዳር ተረሸኑ። በቅሎዎቹም ተነዱ።

ይህን ለወይዘሮ ሻሽቱ ያረዷቸው የቡሬው ባለሱቅ አቶ ነዚፍ አህመድ ነበሩ። የሁለት ቀን መንገድ ተጉዘው መጥተው ከደጅ ቆመው መናገር ቢያቅታቸው፣ ወይዘሮ ሻሽቱ ራሳቸው “ጋሼ ነዚፍ፣ አይተውታል ወይስ ሰምተው ነው?” ብለው ጠየቁ።

“በዓይኔ አይቻለሁ። ኩታዬን አልብሼዋለሁ” አሉ አቶ ነዚፍ።

“ማን ቀበረው?”

“የዚያን መንደር ሽማግሌ ደበሳን አስገድደው አስቆፈሯቸው።”

ወይዘሮ ሻሽቱ በዚያች ሰዓት አላለቀሱም። “እንግዲያው ሁለት ወንድ አሉ” አሉ። አቶ ነዚፍ ይህን ነገር ለምን እንዳሉት የገባቸው ኋላ ነው።

በማግሥቱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደው የባላቸውን ሞት አስታወቁ። አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ የነበረው የመቱ ተወላጅ አብደታ ዋቅጅራ መዝገቡን ገልጦ አየና አንገቱን ደፋ። ሹሙ ሰባቱን ነጋዴዎች በሸፈቱ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሞቱ ቢል ኖሮ የሞቱበትን ቦታና ምክንያት ሞልቶ ወደ ጎሬ መላክ ነበረበት፤ ያለ ፍርድ የተገደሉ ሰባት ነጋዴዎች ደግሞ ከበላዮቹ ጥያቄ ያስነሱበታል። ሸፈቱ ካለ ግን የሚጠይቅ የለም፤ ቤታቸውና የቡና መሬታቸውም ይወረሳል።

“እትዬ ሻሽቱ፣ ጋሼ በዳሳ በመዝገቡ ላይ ሸፍተዋል ነው የሚለው። የሸፈተ ሰው ሞት አይመዘገብም” አላቸው አብደታ።

“ቤቱንስ መቼ ይወስዱታል?”

“ከሦስት ወር በኋላ።”

ወይዘሮ ሻሽቱ ዓያንቱን አዝለው፣ ዲሪቤን ለእናታቸው ትተው ወደ ቡሬ ተጓዙ። አቶ ደበሳን ፈልገው አገኟቸው፤ ሽማግሌው ግን ፈሩ። ወይዘሮ ሻሽቱ አልተጫኗቸውም፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በአሥረኛው ቀን እንደገና ሄዱ። ያን ጊዜ አቶ ደበሳ የመጡበትን ሳይጠይቁ ዱላቸውን አንስተው ተከተሏቸው። ምን እንዳስቀየራቸው ኋላ ሲጠየቁ፣ “ያንን ሁሉ መንገድ ልጅ አዝላ ሁለተኛ ስትመጣ እኔ እቤቴ መቀመጥ አፈርሁ” ብለዋል።

ሦስቱ በሹሙ ፊት ቀረቡ። አቶ ነዚፍ ያዩትን ተናገሩ። አቶ ደበሳ አማርኛ ስለማይሞላላቸው በኦሮምኛ “ዱኤራ” አሉ፤ ሞቷል ማለታቸው ነው። ሹሙ ደግሞ ደጋግሞ ሲያስጠይቃቸው ሌላ ቃል አልጨመሩም፣ “ዱኤራ” ብቻ። ሹሙ በቁጣ ተነሥቶ ሦስቱንም አስወጣቸው። በዚያ ሳምንት የአቶ ነዚፍ ሱቅ ታሸገ፤ አቶ ደበሳም ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመንገድ ላይ ተገርፈው ለብዙ ጊዜ ተኝተዋል። ወይዘሮ ሻሽቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የእነዚህን ሁለት ሰዎች ስም ሲጠሩ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉ ነበር።

ቤቱ የሚወረስበት ቀን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሹሙ ለሥራ ወደ ጎሬ ሄደ፤ በእሱ ቦታ፣ ከመጣ ገና አሥራ አምስት ቀን የሆነው ምክትሉ ተቀመጠ። ወይዘሮ ሻሽቱ ይህን ሲሰሙ የሌሎቹን የስድስቱን ሟቾች ሚስቶች ቤታቸው ጠሩ። ሁለቱ የሙስሊም ነጋዴዎች ሚስቶች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዷ ወይዘሮ ኩልሱም ይባላሉ።

“በገበያው ቀን እኔ ለቅሶ እቀመጣለሁ” አሏቸው ወይዘሮ ሻሽቱ።

“ወረቀት ሳይወጣ? ያስሩሻል እኮ” አሉ ወይዘሮ ኩልሱም።

“ይሰሩኝ። ምን ብለው ነው የሚያስሩኝ? ባልሽ ሳይሞት አለቀስሽ ብለው የሚያስሩበት ሕግ የላቸውም፤ እኔ አንብቤዋለሁ። ባልሽ ሞቶ ወረቀት ሳታወጪ አለቀስሽ ብለው ነው የሚያስሩኝ። እሱን ካሉልኝ ይበቃኛል።”

ወይዘሮ ኩልሱምም “አንቺ ቅደሚ፤ ከወጣልሽ እኛም እንከተላለን” አሉ።

በገበያው ቀን የአቶ በዳሳ ጋቢ፣ ባርኔጣቸውና ጅራፋቸው በደጃፍ በአልጋ ላይ ተደርድሮ፣ ወይዘሮ ሻሽቱ ጥቁር ለብሰው፣ ከመቱና ከሁሩሙ የመጣው ዘመድ ከቦ ለቅሶው ተጀመረ። ከሁለት ወር በላይ አምቀው የያዙትን እንባ የለቀቁት ያን ቀን ነው። እናታቸው ወይዘሮ ምንዳዬ “ልጄ በሕግ ታለቅሳለች ሲሉኝ ሄጄ ሳያት፣ የምታለቅሰው እንደማንኛዋም ባሏ እንደሞተባት ሴት ነው” ብለው ነበር። ወታደሮች መጥተው ወይዘሮ ሻሽቱን ልጃቸውን እንዳዘሉ ወሰዷቸው።

ምክትሉ ማስታወቂያውን ከፊቱ ዘርግቶ በአብደታ በኩል ጠየቃቸው።

“ባልሽ ሞቷል?”

“ሞቷል።”

“መቼ?”

“ጥር 19 ቀን። በቡሬ መንገድ ላይ።”

“የሞት ወረቀት አውጥተሻል?”

“አላወጣሁም።”

እዚህ ላይ አብደታ ከመተርጎሙ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እትዬ፣ እንዲህ ካመኑ እኮ ይታሰራሉ፤ ልጅ ይዘዋል” አላቸው።

“አምናለሁ። አንተ ብቻ ስሙንም ቀኑንም አሳምረህ ጻፈው” አሉት።

አብደታ አሳምሮ ጻፈው። ፍርዱ በሁለት ቋንቋ፣ “ሻሽቱ ዲንቃ ባሏ በዳሳ ጉተማ ጥር 19 ቀን 1930 ዓ.ም. በቡሬ መንገድ ሞቶ ሳለ የሞት ወረቀት ሳታወጣ ለቅሶ በመቀመጧ ሃያ ቀን ትታሰር” የሚል ነበር። ምክትሉ ፈረመበት፤ ማኅተም ተመታበት፤ አንዱ ግልባጭ እንደ ደንቡ ወደ ጎሬ ተላከ። አንዱ ለተፈረደባት ይሰጣልና ለወይዘሮ ሻሽቱ ተሰጣቸው። እሳቸውም በቀሚሳቸው ጠርዝ ውስጥ ሰፍተው ወደ እስር ቤት ገቡ።

ሹሙ ሲመለስ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ወረቀቶች አገኘ። በአንዱ በዳሳ ሸፍቷል፣ በሌላው በዳሳ ሞቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጎሬ ደርሷል፤ ጎሬዎቹም ነገሩ እስኪጣራ የሰባቱ ቤት እንዳይወረስ አዝዘዋል። ወይዘሮ ሻሽቱን ከእስር አስጠርቶ፣ ዋሽቻለሁ ብለው ከፈረሙ በዚያው ቀን ከነልጃቸው እንደሚለቃቸው አስነገራቸው። ዓያንቱ በዚያን ሰዓት ትኩሳት ይዟት ነበር። ወይዘሮ ሻሽቱ ልጃቸውን ከጀርባቸው አውርደው ደረታቸው ላይ አስጠግተው መለሱ።

“ከዋሸሁ ባሌን አምጥቶ ያሳየኝ። እሱን ሲያሳየኝ እፈርማለሁ።”

ሃያውን ቀን ጨርሰው ወጡ። በወጡ በአራተኛው ቀን ሹሙ የጎሬዎቹን ጥያቄ ለመዝጋት ሲል የአቶ በዳሳን ስም ከሸፈቱት ዝርዝር አሰርዞ በሞት መዝገብ አስገባ። ከምክንያቱ ትይዩ “ያልታወቀ” ተባለ። ቤቱና መሬቱ ግን ለልጆቻቸው ጸና። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ኩልሱምና ሌሎቹ አምስቱ በተከታታይ የገበያ ቀኖች በየደጃቸው ለቅሶ ተቀመጡ። ሦስቱ ታሰሩ፤ አራተኛዋ ዘንድ ወታደር አልመጣም፤ ለእሷም ለቀሩት ሁለትም ያለ እስር ተመዘገበላቸው። ሰባቱም ቤቶች ተረፉ።

አብደታ ግን በዚህ ነገር ተጠርጥሮ ከጽሕፈት ተነሥቶ በጎሬ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ እንዲሸከም ተመደበ።

ዓያንቱም አልዳነችም። የእስር ቤቱ ንዳድ እየተመላለሰባት ሰኔ 3 ቀን 1930 ዓ.ም. በእናቷ እቅፍ አረፈች። ወይዘሮ ሻሽቱ በዚያው ዕለት ሁለት ወንድ ምስክሮች ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ዕድሜዋን አስነግረው ምክንያቱ ጋ ሲደርስ “በእስር ቤት በያዛት ንዳድ ይባል” አሉ። አዲሱ ጸሐፊ ወደ ሹሙ አየ። ሹሙም ቀና ሳይል በእጁ ጻፍ ብሎ ምልክት ሰጠ። ወይዘሮ ሻሽቱ የመዝገቡን ቃል ራሳቸው አንብበው ካረጋገጡ በኋላ ሄደው ልጃቸውን ቀበሩ። ስለዚህ ቀን በሕይወታቸው ከሁለት ጊዜ በላይ አልተናገሩም። ለሁለተኛ ጊዜ የተናገሩት ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ለልጅ ልጃቸው ነው። እስሩን በመምረጣቸው ይጸጸቱ እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ “በየቀኑ እጸጸታለሁ። ደግሞም አሁንም ያው ቀን ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው” ብለው መልሰውለታል።

በ1933 ዓ.ም. ክረምት ጠላት ሲወጣ ጽሕፈት ቤቱ ክፍቱን ቀረ፤ ወረቀቱም ለበርበሬና ለጨው መጠቅለያ ወደ ገበያ መውጣት ጀመረ። ወይዘሮ ሻሽቱ ይህን እንዳዩ ከጎሬ የተመለሰውን አብደታን ይዘው ገብተው የሞት መዝገቡን አወጡ። አዲሱ መንግሥት ሹም እስኪሾም ድረስም በቤታቸው ጠብቀው ለዳኛው አስረከቡ። በ1934 ዓ.ም. ጎሬ በተሰየመው ችሎት አቶ ነዚፍና አቶ ደበሳ እንደገና መሰከሩ። ዳኛውም በሰባቱ ስም ትይዩ የነበረውን “ያልታወቀ” ሰርዘው “ያለ ፍርድ በጠላት ጥይት” ብለው ጻፉ። በዚያው ዓመት የሰባቱ አፅም ከመንገድ ዳር ተነሣ፤ ሁለቱ በቡሬ የሙስሊም መቃብር፣ አምስቱ በየቤተ ክርስቲያናቸው በክብር አረፉ።

ወይዘሮ ሻሽቱ ሌላ ባል አላገቡም። ጠያቂ አጥተው አይደለም፤ ዘመድ ሲያማልዳቸው “ሥራ ይዣለሁ” ይሉ ነበር። ሥራቸው እውነትም ብዙ ነበር። ቡናቸውን በራሳቸው እጅ እየለቀሙ፣ ከሁሩሙ ማር እያመጡ መቱ ላይ እየሸጡ ልጃቸውን ዲሪቤን አስተማሩ። በ1945 ዓ.ም. የሰፈራቸው እድር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆኑ። የሟች ስም፣ ቀን፣ ቦታና የሞት ምክንያት የሚጻፍበት ደብተር እንዲኖር ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጥቶ ስለ ሞት መዝገብ መደንገጉን በሰሙ ጊዜ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄደው “መዝገቡ የት ነው? ማነው ጸሐፊው?” ብለው ጠየቁ። ገና አልተከፈተም ተባሉ። በየዓመቱ ከመስከረም መባቻ በኋላ እየሄዱ ይጠይቁ ነበር፤ የተለዋወጡት ሹማምንት ሁሉ ያውቋቸዋል። መዝገቡ እስኪከፈት ብለውም አልተቀመጡም። ባሏ በሩቅ አገር የሞተባት፣ ልጇ ሄዶ የቀረባት፣ ውርስ የተከለከለች ሴት ከመቱም ከቡሬም እየመጣች ደጃቸውን ስታንኳኳ፣ “ቀኑን ያዢ፤ ያየ ሰው ያዢ፤ ሳይጻፍ አትመለሺ” እያሉ እስከ ችሎት ድረስ አብረው ይቆሙ ነበር። በዚህ ዓይነት የታገዙ ሴቶች ዛሬ ከዚህ ለቅሶ መካከል ተቀምጠዋል።

በጠባያቸው ቀጥተኛ፣ ለሐሜት ጊዜ የሌላቸው፣ ሲቆጡም ቶሎ የማይበርዱ ነበሩ። ቤተሰቡ ይህን መሸሸግ አይፈልግም፤ ከእውነቱ ጋር ይነገርልን ብለን ነው። ከልጅ ልጆቻቸው አንዳችን ቀን አሳስተን ስንናገር ንግግራችንን አቋርጠው ሳያርሙ አያልፉም ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ድካም በመቱ ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተዋል። ሐኪሞቹ ዕረፍት ቢያዝዟቸውም እስከ መስከረም ድረስ የእድሩን ደብተር ራሳቸው ይጽፉ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋው አቶ ነዚፍ አህመድም ከቡሬ በአውቶቡስ መጥተው ሁለት ቀን አጠገባቸው ተቀምጠው ተመልሰዋል። ሲሰነባበቱ ወይዘሮ ሻሽቱ መነሣት ስላቃታቸው “ጋሼ ነዚፍ፣ ዛሬ ሳልቆም ተሰናበትሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ” አሏቸው። አቶ ነዚፍም “እኔ ነኝ የምቆምልሽ” ብለው፣ ወይዘሮ ሻሽቱ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመው ቆዩ።

ወይዘሮ ሻሽቱ ዲንቃ በተወለዱ በ79 ዓመታቸው ታኅሣሥ 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በመቱ ከተማ በመኖሪያ ቤታቸው፣ በልብ ድካም ምክንያት፣ ልጃቸው ወይዘሮ ዲሪቤ በዳሳና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው እያዩዋቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። አንድ ሴት ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆችና ሦስት የልጅ ልጅ ልጆች ትተዋል።

ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ አብራችሁን ላዘናችሁ፣ በተለይም ከቡሬና ከሁሩሙ በእግራችሁ ለደረሳችሁ ወገኖች ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ምስክር ሳይጠራ፣ ወረቀት ሳይጠይቅ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን። ከባለቤታቸውና ከትንሿ ዓያንቱ ያገናኛቸው። እኛንም እንደ እሳቸው እውነቱን ይዘን ወደኋላ የማንመለስ ያድርገን። አሜን።